የጎልማሶች የኦንላይን ትምህርት ውይይት አይነፈገው

ለተከበሩ የትምህርት ሚኒስትር

ጉዳዩ፦ በኦንላይን የርቀት ትምህርት የጎልማሶች ትምህርት ማኅበራዊ ዓላማ እንዲጠበቅ ስለመጠየቅ

ክቡር ሚኒስትር፣

ጎልማሶችን በኦንላይን የማስተምር መምህር ነኝ። ይህን ደብዳቤ በግልጽ ለመጻፍ የተነሣሁት፣ የርቀት ትምህርት የሚመዘነው ስንት ሰው ተመዘገበ፣ ስንቱስ ምስክር ወረቀት ወሰደ በሚል ቁጥር ብቻ እየሆነ በመምጣቱ፣ ጎልማሶች አብረው ተምረው የጋራ ችግራቸውን እንዲፈቱ ማስቻል የሚለው የቆየ ዓላማ ተረስቶ እንዳይቀር ስለምሰጋ ነው።

የቤተሰብ ገቢና ወጪ አያያዝን በማስተምርበት የማታ ክፍል፣ ልጆቿን ካስተኛች በኋላ ብቻ ማይክሮፎኗን የምትከፍት አንዲት ተማሪ ነበረች። አንድ ምሽት የመቶኛ ስሌት ስንሠራ የደመወዝ ወረቀቷን ወደ ካሜራው አስጠግታ፣ «ይህ ተቀናሽ የምንድን ነው?» ስትል ጠየቀች። ሌሎቹም የየራሳቸውን ወረቀት አወጡ፤ አንዱ ተመሳሳይ ተቀናሽ እሱም ላይ እንዳለ፣ ሌላዋ ደግሞ አሠሪዋን ጠይቃ በጽሑፍ ማብራሪያ እንዳገኘች ተናገሩ። በሳምንቱ ተማሪዋ ከሁለት ባልደረቦቿ ጋር ለአሠሪያቸው የሚያቀርቡትን ማመልከቻ አርቅቃ መጣች፤ ክፍሉም ዐረፍተ ነገር በዐረፍተ ነገር አብሯት አረመው። መቶኛ ያን ሰሞን የገባቸውን ያህል በሌላ ጊዜ ሲገባቸው አላየሁም።

በቀጣዩ ዙር ተቋሙ ወጪ ለመቀነስ ሲል የቀጥታ ውይይቱን በተቀረጸ ቪዲዮና በራሱ በሚታረም ፈተና ተካው። የጨረሱት ተማሪዎች ቁጥር አልቀነሰም፤ ሆኖም ወረቀቱን አውጥቶ ለጓደኛው የሚያሳይ ሰው ዳግመኛ አላየሁም፤ ይህም እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ይህ የርቀት ትምህርት ጠባይ ነው የሚል መልስ አያሳምነኝም። በካናዳ እ.ኤ.አ. ከ1941 እስከ 1965 በተካሄደው የገበሬዎች የሬዲዮ መድረክ፣ ጎረቤታሞች በአንዱ ቤት ተሰብስበው ሳምንታዊውን ስርጭት ያዳምጡ፣ አስቀድመው ባነበቡት ጽሑፍ ላይ ይወያዩና የደረሱበትን ሐሳብ በጽሑፍ ይልኩ ነበር፤ የየቡድኑ አስተያየትም ተጠቃሎ በሬዲዮ ይመለስላቸው ነበር። ይኸው አሠራር እ.ኤ.አ. በ1956 በዩኔስኮ ድጋፍ በሕንድ ፑኔ አካባቢ ተሞክሯል። ሬዲዮ የሚናገር እንጂ የሚያዳምጥ መሣሪያ አልነበረም፤ ያም ሆኖ ቡድኑና ደብዳቤው ጉድለቱን ሞሉለት። ዛሬ በእጃችን ያለው መሣሪያ ግን በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል። የኢንተርኔት መስመር ደካማ በሆነበት ቦታ እንኳ ብዙ ሰው በአንድ ስልክ ዙሪያ ተሰብስቦ ሊማር ይችላል።

ሙያውን አሻሽሎ እንጀራውን ለማስፋት የሚማረውን ሰው ዓላማ አላቃልልም፤ ከተማሪዎቼ አብዛኞቹ የሚመጡት ለዚሁ ነው። ነገር ግን ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 ያጸደቀው የጎልማሶች ትምህርት ምክረ ሐሳብ፣ ከመሠረታዊ ትምህርትና ከሙያ ሥልጠና ጎን የማኅበረሰብና የዜግነት ትምህርትን ራሱን የቻለ ሦስተኛ ዘርፍ አድርጎ አስቀምጧል። ይህ ዘርፍ ደግሞ ሰው ከሰው ጋር ሳይነጋገር የሚሰጥ አይደለም።

ስለዚህ ለጎልማሶች የሚሰጥ ማንኛውም የኦንላይን ፕሮግራም ፈቃድ ወይም የመንግሥት ድጋፍ ሲጠይቅ፣ በአነስተኛ ቡድን የሚካሄድ መደበኛ ውይይት እንዲኖረው፣ ለአወያዩ የሚከፈለው ገንዘብም በበጀቱ ተለይቶ እንዲያዝ በመመሪያ እንዲወሰን እጠይቃለሁ። የአፈጻጸም ሪፖርቱም ተማሪዎቹ የተማሩትን በሥራ ቦታቸውና በአካባቢያቸው ምን እንዳደረጉበት በራሳቸው አንደበት የሚገልጹበት ክፍል ይኑረው። ይህን በቁጥር መግለጽ እንደሚያስቸግር አውቃለሁ፤ በተማሪዎቹ ቃል ግን ሊጻፍ ይችላል። መመሪያው በሚረቀቅበት ጊዜ መምህራንና ራሳቸው ጎልማሳ ተማሪዎች ተጠርተው እንዲደመጡ እያሳሰብኩ፣ ምላሽዎን እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጎልማሶች ትምህርት መምህር