የቅዳሜው ርዕስ፦ የተሸናፊዎች ካቢኔ

ውድ አባላት፣ እንደምን ሰነበታችሁ?

የፊታችን ቅዳሜ ፈረንጅ አራዳ በተለመደው ቤት እንገናኛለን። ርዕሱ የብሪታንያ የጥላ ካቢኔ ነው፤ ማለትም ዋናው ተቃዋሚ ፓርቲ ለመንግሥት ሚኒስትሮች አቻ አድርጎ የሚያቆማቸው ሰዎች ቡድን።

እስከዚያ በሥልጣን ላይ የነበሩት ወግ አጥባቂዎቹ እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 2024 በተካሄደው ምርጫ ከ650 መቀመጫዎች 121 ብቻ ይዘው ወጡ። መሪያቸው ሪሺ ሱናክ መሪነቱን እንደሚለቁ በማግስቱ ቢናገሩም፣ ተተኪ እስኪገኝ ጊዜያዊ የጥላ ካቢኔ አዋቅረው ቆዩ። ኖቬምበር 2 ኬሚ ባዴኖክ ተመረጡ፤ በመጨረሻው ዙር የረቷቸውን ሮበርት ጄንሪክን የፍትሕ ጥላ ሚኒስትር አደረጓቸው። እኔን የገረመኝ ይሄ ነው። እኛ ዘንድ የዕድር ዳኝነት ያመለጠው ሰው እንኳ ሦስት ወር አኩርፎ ይከርማል!

ጥላ ሚኒስትር ሥልጣን የለውም፤ ሥራው ባለሥልጣኑን ፊት ለፊት መሞገት ነው። የገንዘብ ጥላ ሚኒስትሩ ሜል ስትራይድ ለምሳሌ የገንዘብ ሚኒስትሯን ሬቸል ሪቭስን ስለ ግብር እና ስለ ወጪ ያፋጥጣሉ። ለተቃዋሚው መሪ ግን ከ1937ቱ ሕግ ወዲህ መንግሥት ደመወዝ ይከፍላል። ለሚቃወምህ ሰው መክፈል! ክርክሩን ከዚህ ብንጀምር ደስ ይለኛል።

አቦሉ 9 ሰዓት ላይ ይቀዳል። በረካ ላይ የምትደርሱ፣ ራሳችሁን ታውቃላችሁ፣ ቀድማችሁ ደውሉ።