ስለ እኔ ለደከማችሁ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ

ሰላም እንዴት ናችሁ ወገኖቼ። ይሄን መልእክት ከሆስፒታል እንደወጣሁ ልጽፈው ነበር፣ ግን ከምወስዳቸው መድሃኒቶች አንዱ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ስልክ ላይ ፊደል መንካት አቅቶኝ ቆየሁ፣ አሁን መጠኑን ሲቀንሱልኝ ተሻለኝ። ላልሰማችሁ፣ ታናሽ ወንድሜ አንድ ኩላሊቱን ሰጥቶኝ ጳውሎስ ሆስፒታል ንቅለ ተከላ ተደርጎልኛል፣ ኩላሊቱም እየሰራ ነው። በማሽን የደም እጥበት ስጀምር ክሪያቲኒኔ (ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ ነው፣ ኩላሊት ሲደክም ይጨምራል) ከ11 በላይ ነበር፣ ባለፈው ሳምንት ላብራቶሪ ሲታይ 1.1 ሆኗል። ክብር ምስጋና ለመድኃኔዓለም።

የደወላችሁልኝ ሁሉ «ወንድምሽ ጀግና ነው» ትሉኛላችሁ። ነው፣ እሱን እድሜ ልኬን አመስግኜ አልጨርሰውም። ዛሬ ግን ከሁሉ በፊት ማመስገን የምፈልገው ማንም ስሟን ያላነሳውን የወንድሜን ባለቤት ነው።

ወንድሜ አናጺ ነው፣ ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉት፣ ቤቱ የሚኖረው በጉልበቱ ነው። እሰጣለሁ ሲል ባለቤቱ አልከለከለችም፣ ግን ዝም ብላ እሺም አላለችም፣ ከደብረ ብርሃን ድረስ አብራው መጥታ ሀኪሙ ፊት ቁጭ ብላ ጠየቀች። «በአንድ ኩላሊት አናጺነቱን ይሰራል ወይ? ያ የቀረው ቢታመምስ? ልጆቹ ነገ ቢፈልጉስ?» ዶክተሩም ሳይሰለች አስረዳት። የሰጪው ሁለቱም ኩላሊቶች፣ ግፊቱ፣ ስኳሩ፣ ልቡ ሁሉ እንደሚመረመር፣ አንድ ነገር ከተገኘበት እንደማይወስዱለት፣ የሚቀረው ኩላሊት ስራውን እንደሚሸፍን፣ ግን ደሞ ምንም ስጋት የለውም ማለት እንዳልሆነና በየጊዜው መታየት እንዳለበት በግልጽ ነገራት። ወንድሜንም ለብቻው አስገብተው ማንም አስገድዶት እንዳልሆነ ጠየቁት፣ ይሄንን በጣም ነው ያከበርኩት፣ ምክንያቱም እኔም ብሆን በይሉኝታ የተሰጠኝ ኩላሊት ይዤ መኖር አልችልም ነበር።

ከዚያ ሀገር ቤት ስትመለስ ስንቱ መጣባት። ቤትሽን ታፈርሻለሽ፣ ባልሽን በቁሙ ልታጪው ነው፣ ምናምን። እሷ የመለሰችውን ቆይቶ ነው የሰማሁት፣ «እህቱ ብትሞት እኮ ይሄ ሰውዬ ቤቴ ውስጥ ሙሉ ሰው ሆኖ የሚኖር ይመስላችኋል?» አለቻቸው። ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ደሞ እሱ ለሳምንታት ከባድ ነገር እንዳያነሳ ስለተከለከለ ልጆቹን አዝላ እየጎተተች በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታ እየሸጠች ቤቱን የያዘችው እሷ ናት። እኔን እስካሁን እትዬ ነው የምትለኝ። የኔ እህት፣ አንድም ቀን ፊትሽ ጠቁሮ አላየሁም፣ ልጆችሽ ይደጉልሽ፣ ለወግ ለማዕረግ ይብቁልሽ።

ቀጥሎ የእጥበት ክፍል ነርሶች። በሽታው የያዘኝ በግፊት ነው፣ ግፊት መኖሩን እንኳ ሳላውቅ ቆይቶ ጠዋት ጠዋት ፊቴ ማበጥ፣ ምግብ ማስጠላት፣ ማስመለስ ሲጀምረኝ ነው ሲመረመር ኩላሊቶቼ ደክመው የተገኙት። ወዲያው አንገቴ ላይ ካቴተር የሚባለው ቱቦ ተደርጎ እጥበት ማሽን ላይ ወጣሁ። ስራዬን ትቼ፣ የማስተምራቸውን ልጆች ትቼ ሩፋኤል አካባቢ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነው እጥበቱን የቀጠልኩት። በሳምንት ሶስቴ አራት አራት ሰዓት መሆን ነበረበት፣ ብር ሲያጥር ግን ሁለቴ የምታጠብበት ጊዜም ነበረ፣ ያኔ ውሃው እግሬ ላይ፣ ሳንባዬ ላይ ይጠራቀምና ጋደም ብሎ መተኛት አይቻልም፣ ትራስ ደራርቤ ቁጭ ብዬ ነው የማነጋው። ማሽኑ ላይ ግፊቴ ድንገት ሲወርድ እግሬን ከፍ አድርጋ ግሉኮሱን የምትከፍት፣ ጡንቻዬ ተኮማትሮ ክራምፕ ሲይዘኝ ባቴን የምታሽልኝ ሲስተር ነበረች፣ ፈረቃዋ አልቆም አትሄድም። ደሜ ሲያንስም ዝም ብሎ ደም ይሰጣት ሲባል እሷ ናት የተሟገተችልኝ፣ ይቺ ወንድም አላት፣ ደም በተሰጣት ቁጥር ሰውነቷ የሰው አካል የሚቃወም ነገር ያመርታል፣ ኋላ ኩላሊት አይስማማትም፣ ሰውነቷ ራሱ ደም እንዲያመርት የሚያደርገው መርፌ ይፈለግላት ብላ። የምትለው እውነት እንደሆነ የገባኝ የኔ ደም የወንድሜን ይቃወም እንደሆነ የሚታይበት ክሮስማች የሚባለው ምርመራ ሲሰራ ነው። ካቴተሩ ወጥቶ ክንዴ ላይ ፊስቱላ (ለእጥበት ተብሎ ሁለት የደም ስሮች የሚገናኙበት) ሲሰራልኝ ደሞ በየቀኑ መስራቱን እንዴት እንደማረጋግጥ ያሳየችኝ እሷ ናት፣ መዳፍሽን ጣል አድርጊበት፣ እንደ ንብ ከነዘረሽ ደህና ነው፣ ዝም ካለ ሳትውይ ሳታድሪ ነይ አለችኝ። እስካሁን ስነሳ መጀመሪያ የምነካው ክንዴን ነው።

አብራችሁኝ የታጠባችሁ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እናንተንማ በምን ቃል። ድንቹን ልጠሽ ከትፈሽ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፊው፣ ቀቅለሽ ውሃውን ድፊው፣ ፖታሺየሙ (ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ የሚጠራቀመው ማዕድን) ይቀንሳል ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ። ሙዝና አቮካዶ እንዳልነካ፣ ውሃ በሲኒ እየለካሁ እንድጠጣ፣ ጥም ሲያቃጥለኝ በረዶ እንድመጥ ያስተማራችሁኝ እናንተ ናችሁ። ከጎኔ ያለው ወንበር ላይ የነበሩት አባት ከመታጠባችን በፊት ሚዛን ላይ ስወጣ ሁሌ ስንት ኪሎ ጨመርሽ ብለው ይቆጡኝ ነበር፣ ንቅለ ተከላዬን ሳያዩ አረፉ፣ ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልኝ። የንስሀ አባቴንም ማመስገን አለብኝ፣ ጠበል በጀሪካን ይጠጣ ሲባል ለኔ ግን «ሀኪም ውሃ ከልክሎሻል፣ ጠብታው ይበቃሻል፣ ጸበሉ በልኬት አይደለም የሚፈውሰው» ብለው የሰፈሩን ሁሉ አፍ የዘጉልኝ እሳቸው ናቸው።

የስራ ባልደረቦቼ ዕቁባችሁን ዕጣ ሳታወጡ ለኔ የሰጣችሁኝ፣ የእድራችን አባላት፣ ከደሞዛችሁ ያወጣችሁ፣ አረብ ሀገር ሰው ቤት እየሰራችሁ በየወሩ የላካችሁልኝ እህቶቼ፣ ጎፈንድሚ የከፈታችሁልኝ አሜሪካ ያላችሁ ያጎቴ ልጆች፣ በቴሌብር 50 ብር አስገብታችሁ «ስላነሰ ይቅርታ» ብላችሁ የጻፋችሁልኝ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ አላነሰም። የአንድ ቀን እጥበት የሚሞላው እንደዛ ተጠራቅሞ ነው፣ አንድ እጥበት ማለት ደሞ እስከሚቀጥለው ቀጠሮ መተንፈስ ማለት ነው።

የጳውሎስ የንቅለ ተከላ ቡድን፣ ሀኪሞች፣ ነርሶች፣ የላብራቶሪ ባለሙያዎች፣ ክፍላችንን የምታጸዱ እናቶች ሁሉ ክበሩልኝ። ይሄ ህክምና በ2008 ዓ.ም. መስከረም ላይ ነው እዛ የተጀመረው፣ የአሜሪካው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሀኪሞች እያገዙና እያሰለጠኑ። ከዚያ በፊት ለኩላሊት ህንድ ወይ ሌላ ሀገር መሄድ ነበር፣ የአስተማሪ ቤተሰብ ያንን ከየት ያመጣል? ስለዚህ መንገዱን ያስጀመራችሁትን በሙሉ ባላውቃችሁም አመሰግናለሁ።

ኦፕራሲዮኑ ቀን መጀመሪያ ወንድሜ ገባ፣ ቀጥሎ እኔ። ስነቃ አፌ ደርቋል፣ «ወንድሜስ?» አልኩ፣ ደህና ነው አሉኝ። ከዛ ሲስተሯ ከአልጋው ስር የሽንት ከረጢቱን አንስታ አሳየችኝ፣ ግማሽ ደርሷል፣ ቢጫ ጥርት ያለ። እጥበት ላይ እያለሁ ሽንት የሚባል ከቀረብኝ ቆይቶ ነበርና አልቅሼ አልቅሼ ቁስሌን አሳመምኩት። ውጭ ላሉት «ሽንት ወርዷል» ሲባልላቸው የወንድሜ ባለቤት ኮሪደሩ ላይ እልል ብላ ዘበኛ መጣባት አሉኝ። በሲኒ ስለካ የነበርኩ ሰው አሁን በቀን ሶስት ሊትር ጠጪ ተብያለሁ።

አሁን ሰውነቴ አዲሱን ኩላሊት እንዳይቃወም የሚያደርገውን መድሃኒቴን ጠዋትና ማታ በየ12 ሰዓቱ እወስዳለሁ፣ ኩላሊቱ እስካለ ድረስ አይቋረጥም፣ በሽታ የመከላከል አቅሜን ስለሚቀንስ ሰው የበዛበት ቦታም ማስክ አድርጌ ነው የምሄደው፣ ልትጠይቁኝ መጥታችሁ ጉንጭ ለጉንጭ ሳልስማችሁ ስቀር እንዳትቀየሙኝ። ወንድሜ ወደ ስራው ተመልሷል፣ ምርመራውም ደህና ነው።

ስለ ገንዘቡ ደሞ ማወቅ አለባችሁ። በስሜ የተከፈተው የባንክ ሂሳብ ተዘግቷል። የተረፈውን ለመድሃኒቴና ለቼክአፕ መጓጓዣ የሚሆነውን አስቀርቼ ሌላውን አብራኝ ስትታጠብ ለነበረች፣ ሰጪ ዘመድ ላላገኘች አንዲት ልጅ እጥበት አስገብቻለሁ። ገንዘቡን ካሰባሰበው ኮሚቴ ጋር ተነጋግረን ነው ያደረግነው፣ ደረሰኙ እድራችን ጸሐፊ ጋ አለ፣ ማየት የፈለገ ሄዶ ይይ።