ለደንበኞቻችን፦ በቀጣዮቹ ቀናት ስለሚጠበቀው ከባድ ዝናብና ደራሽ ጎርፍ

ለተከበራችሁ የፓምፕና የፍሳሽ መስመር ጥገና ደንበኞቻችን፣

የቀጣዮቹ ሦስት ቀናት ትንበያ ከባድ ዝናብ እንደሚጠበቅና ደራሽ ጎርፍ እንደሚያሰጋ ያሳያል። ትንበያውን ስታዩ ከመቶኛው ይልቅ ሚሊ ሜትሩንና በስንት ሰዓት ውስጥ እንደሚወርድ ተመልከቱ። «40 በመቶ» የመዝነቡን ዕድል እንጂ የዝናቡን መጠን አይነግራችሁም። 50 ሚሊ ሜትር ቀኑን ሙሉ ሲያካፋ ቢውል አብዛኛውን አፈሩ ይጠጣዋል፤ ያው 50 በአንድ ሰዓት ቢወርድ ግን ጎርፍ ይሆናል። ቀድሞ የራሰ መሬት ከሆነ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ይበቃዋል። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በካሬ ሜትር አንድ ሊትር ስለሆነ፣ 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ በዚያች ሰዓት 5,000 ሊትር ያወርዳል፤ የግቢው ሳይቆጠር።

ነጎድጓዳማ ዝናብ የትኛው ሰፈር ላይ እንደሚወርድ ከአንድ ቀን በፊት ለይቶ መናገር ያስቸግራል። ደራሽ ጎርፍ ዝናቡ በጀመረ በ6 ሰዓት ውስጥ፣ አንዳንዴም በደቂቃዎች ይደርሳል። እናንተ ጋ ጠብታ ሳይወርድ ከላይ ከተዳፋቱ ሊመጣም ይችላል። ስለዚህ ዝግጅቱ ዛሬ ይለቅ።

አሸንዳውንና መውረጃ ቱቦውን ከቅጠል አጽዱ፤ ባልዲ ውሃ ደፍታችሁም ከመሠረቱ ርቆ መፍሰሱን አረጋግጡ።

ምድር ቤት ያላችሁ፣ ፓምፑን በእጅ አብርቶ «ይሠራል» ማለት ፍተሻ አይደለም። ፓምፑ የተቀመጠበት ጉድጓድ ውስጥ ውሃ ጨምሩና ራሱ ሲነሳና ሲጠፋ እዩ። ብዙ ጊዜ የሚያስቸግረው ሞተሩ ሳይሆን ተንሳፋፊው ማብሪያ (ውሃው ሲጨምር ከፍ ብሎ ፓምፑን የሚያስነሳው) ነው፤ ገመዱ ቱቦው ላይ ይጠመጠማል ወይም ግድግዳው ይይዘዋል። ፓምፑ ሲቆም የወጣው ውሃ ተመልሶ ከገባ መልስ ከልካዩ ቫልቭ ቆሻሻ ይዟል ወይም ጭራሹን የለም። ያኔ ፓምፑ ያንኑ ውሃ ደጋግሞ ሲገፋ ሞተሩ ይግላል። ሳጥኑ ላይ የተጻፈውንም የሊትር መጠን አትመኑ፤ ውሃው የሚገፋበት ከፍታ በጨመረ ቁጥር ይቀንሳል።

መብራት ከጠፋ ጄኔሬተሩ ውጭ፣ ከበርና ከመስኮት ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ ይቀመጥ። ጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ይገድላል።

በር ላይ የምትደረድሩትን ጆንያ በአሸዋ እስከ ግማሹ ብቻ ሙሉት። ጢም ያለ ጆንያ አይተኛም፤ ውሃውም በክፍተቱ ያልፋል። እንደ ጡብ አነባብራችሁ እርገጡት።

ውሃ ከመግባቱ በፊት ዋናውን ብሬከር አጥፉ። ከገባ በኋላ ግን ውሃ ውስጥ ቆማችሁ አትንኩት። 15 ሴንቲ ሜትር ፈጣን ጎርፍ ሰው ይጥላል፤ 30 ሴንቲ ሜትር አብዛኛውን ትንሽ መኪና ያንሳፍፋል።

ጎርፉ ሲያልፍ የሞላን ምድር ቤት በአንድ ቀን ለማድረቅ አትቸኩሉ። ውጭ ያለው እርጥብ አፈር ግድግዳውን እየገፋ ነው፤ ከውስጥ የሚደግፈው ውሃ በአንዴ ከወጣ ግድግዳው ሊናድ ይችላል። በቀን ሲሶውን ብቻ አውጡ፤ ከፍታውን ግድግዳው ላይ አስምሩ፤ ሌሊቱን ከጨመረ ጠብቁ።

ዝናብ እየጣለም ጥሪ እንቀበላለን፤ ውሃ የሸፈነውን መንገድ ግን መኪኖቻችን አያቋርጡም። ስትደውሉ የውሃውን ከፍታ በሴንቲ ሜትር፣ የፓምፑን ዓይነትና መብራት መኖር አለመኖሩን ንገሩን፤ የትኛውን ፓምፕ ይዘን እንደምንመጣ የምንወስነው በዚያ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
የጥገና ክፍሉ