ባን ጃክሪ ፏፏቴን በሐምሌ አትምከሩ

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ አባላት፣

የጉዞ ዓምዳችሁ በህንድ ሲኪም ግዛት፣ ጋንግቶክ አጠገብ ያለውን የባን ጃክሪ ፏፏቴ መናፈሻ ሲያስተዋውቅ በሐምሌ ሂዱ ብሏል። ውሃውስ በሐምሌ ያስገመግማል፤ መድረሱ ነው የሚከብደው። የዚያም አገር ክረምት እንደኛው ሰኔ ላይ ይገባል። ከባግዶግራ አውሮፕላን ማረፊያ ጋንግቶክ የሚያደርሰው 120 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ አብዛኛው የቲስታን ወንዝ ይዞ በገደል ሥር ስለሚያልፍ፣ አፈሩ ውሃ ሲጠግብ ተንዶ ይዘጋዋል። በጥቅምት 2023 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ከላይ የበረዶ ግግር ሐይቅ ጥሶ የወረደው ጎርፍ መንገዱን ቦታ ቦታ ላይ ጠርጎ ወስዶታል። ሲዘጋ ሾፌሮች በካሊምፖንግና በላቫ በኩል ይዞራሉ፤ ሰዓታት ይጨምራል። በወረዱበት ቀን ለመብረር ትኬት የቆረጡ የሚቀሩት እዚህ ላይ ነው። ከበረራው በፊት ያለውን ሌሊት አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ባለችው ሲሊጉሪ ከተማ ማደር ይሻላል።

ደህናው ጊዜ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር ነው፤ ዝናቡ ያባራል፣ ፏፏቴው ገና አልሳሳም። ከፍታው አያሳስብም፤ ጋንግቶክ ከአዲስ አበባ ዝቅ ትላለች።

የህንድ ቪዛ ብቻውን ሲኪም አያስገባም። የውጭ ዜጋ ሌላ የመግቢያ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ሲኪም መግቢያ ላይ ባለው ራንግፖ ኬላ ይሰጣል። የፓስፖርትና የቪዛ ቅጂ ከጉርድ ፎቶግራፍ ጋር መያዝ ነው።

ዓምዱ «ጃክሪዎች ሲያክሙ ይታያሉ» ማለቱም ልክ አይደለም፤ ጃክሪ የኔፓሎች ባህላዊ መንፈሳዊ ሐኪም ነው። በመናፈሻው ያሉት ቀለም የተቀቡ ሐውልቶች ናቸው። ባን ጃክሪ በኔፓሎች አፈ ታሪክ ሰውነቱን ፀጉር የሸፈነው ድንክ የጫካ መንፈስ ነው፤ ንጹሕ ልብ ያለውን ልጅ ሰርቆ ዋሻው ውስጥ ጃክሪነት ያስተምረዋል። ሚስቱ ግን ልጁን ካገኘችው ትበላዋለች፤ እሱ ነው የሚደብቀው። በሕይወት ያለው ጃክሪ የሚያክመው አብዛኛውን ጊዜ በሌሊት፣ በታማሚው ቤት ነው። የጃክሪውን ከበሮ ሐውልቶቹ ላይ ልብ ብላችሁ እዩት፦ ሁለቱም ፊቱ ቆዳ ነው፣ እጀታው እንደ ጩቤ ተጠርቦ ሾሏል፣ መምቻው ቀጥ ያለ ዱላ ሳይሆን የተጠማዘዘ ሸምበቆ ነው። እውነተኛውን ከበሮ ካገኛችሁ ሳታስፈቅዱ አትንኩ፣ ፎቶም አታንሱ።

ከፏፏቴው ሥር ያለው ድንጋይ ሽበት ስለሚይዝ ለስላሳ ሶል ያለው ጫማ ያንሸራትታል። ውሃ በኮዳ ያዙ፤ ሲኪም ትንንሽ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ ከ2022 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከልክላለች።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢዎቻችሁ፣ ከኒው ዴልሂ