የምስጋና መልእክት፦ ለአባታችን ቀብር ለደረሳችሁ፣ ለአዛዣቸውም ስም ለተነሣችሁ

አባታችን በ93 ዓመታቸው ካረፉ እነሆ ሦስተኛ ሳምንት ሆነ። ድንኳኑ ፈርሷል፣ ወንበሩም ወደ እድሩ መጋዘን ተመልሷል። ማን ምን እንዳደረገልን አንድ በአንድ የታወሰን ቤቱ ጭር ሲል ነው። ሁላችሁንም በየደጃችሁ ዞረን ማመስገን ስላልቻልን በዚህ ጽሑፍ እጅ እንነሣለን።

ሆስፒታል በተኙባቸው 19 ቀናት ደም ሲፈለግ ሳትጠሩ የመጣችሁ የሰፈራችን ወጣቶች፣ ሌሊቱን ሙሉ እንደ ገዛ አባታችሁ ያገላበጣችኋቸው ነርሶች፣ ውሃ በጠፋበት ሰሞን በጀሪካን ተሸክማችሁ የደረሳችሁልን፣ ንፍሮ የቀቀላችሁ፣ ከእኛ ጋር መሬት ላይ ያደራችሁ ጎረቤቶቻችን፣ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለችው እህታችን ብቻዋን እንዳታለቅስ ቤቷን የሞላችሁላት ወገኖቻችን፣ እግዚአብሔር ብድራችሁን ይክፈል።

አንድ ነገር ግን ለብቻው ካልተነገረ ቅር ይለናል።

አባባ የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበሩ። በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ለኮሪያ ጦርነት ከተላከው ከመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ጋር በባቡር ጅቡቲ ወርደው፣ ከዚያ በመርከብ ኮሪያ፣ ፑሳን ገቡ። ቃኘው የራስ መኮንን የፈረስ ስም መሆኑን እኛ ልጆቻቸው ያወቅነው ፊደል ሳንቆጥር ነው። የኢትዮጵያ ዘማች ጦር የበላይ አዛዥ በኋላ ሌተና ጄኔራል የሆኑት ኮሎኔል ከበደ ገብሬ ነበሩ። አባባ ተራ ወታደር ስለነበሩ ከእሳቸው ጋር አንድ ቃል እንኳ ተነጋግረው አያውቁም፤ ቀጥ ብሎ ሰላምታ ሰጥቶ ማለፍ ብቻ ነበር። ሆኖም ዕድሜያቸውን ሙሉ «አዛዤ» ሲሉ እሳቸውን ማለታቸው ነው። ከ120 በላይ ጓዶቻቸው ወድቀው፣ ከ500 በላይ ቆስለው፣ አንድም ሰው ያልተማረከበትን ያን ጦር ባነሡ ቁጥር ያ ስም አብሮ ይነሣ ነበር።

የታኅሣሥ 1953ቱ ግርግር መጣ። ክቡር ዘበኛ በመፈንቅለ መንግሥቱ ተወነጀለ፤ አባባም ራሳቸውን ብቻ ይዘው ከሠራዊቱ ተሰናበቱ። ጄኔራል ከበደ ደግሞ ከንጉሠ ነገሥቱ ጎን ከቆሙት የጦር መሪዎች አንዱ ነበሩ። ታላቅ ወንድማችን አንድ ቀን ደፍሮ «ታዲያ እንዴት ይወዷቸዋል?» አላቸው። «ጦር ሜዳ የመራኝን ሰው ከተማ ገብቼ አልክድም» አሉት። ከዚያ በኋላ የጠየቀ የለም።

አባባ ሥራ ፍለጋ በሚንከራተቱበት በ1954 ዓ.ም. ጄኔራሉ በኮንጎ የተባበሩት መንግሥታት ጦር አዛዥ ሆኑ። የሕንድ፣ የስዊድን፣ የአየርላንድ ወታደር በአንድ ኢትዮጵያዊ ጄኔራል ሥር አደረ። በጥር 1955 ዓ.ም. የኮንጎዋ ግዛት የካታንጋ መገንጠል ሲያከትም አባባ ጋዜጣውን ቆርጠው ከሜዳሊያዎቻቸው ጋር በቆርቆሮ ሣጥን አስቀመጡት። በኋላ ጄኔራሉ የመከላከያ ሚኒስትር ሲሆኑም የአባባ ደስታ የዘመድ ነበር።

ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ጄኔራል ከበደ ያለ ፍርድ ከተገደሉት ስድሳ ሰዎች ጋር ተገደሉ። አባባ በማግሥቱ ከሬዲዮ ሰሙ። እናታችን እንደነገረችን ጋቢያቸውን ተከናንበው እስኪመሽ አልተናገሩም። ልቅሶ የሚቀመጡበት ቤት አልነበረም፣ የሚሸኙት አስከሬን አልነበረም። ደርግ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲወዳጅ የኮሪያ ዘማችነትም የሚደበቅ ነገር ሆነ፤ ሣጥኑ ለዓመታት የተልባ ጆንያ ውስጥ ኖረ።

ከመሞታቸው በፊት የተናዘዙት አንድ ነገር ነው፤ «የሕይወት ታሪኬ ሲነበብ የአዛዤን ስም አንሡ። እሳቸው ቀባሪ አላገኙም» አሉ።

በቀብሩ ዕለት የሕይወት ታሪካቸው ጽሑፍ ረዘመ፣ ፀሐዩም ከረረ። የእድራችን ሊቀ መንበር ሆይ፣ «ይቆረጥ» ማለት ሲችሉ «ሙሉው ይነበብ፣ የሟች ቃል ነው» ስላሉልን እናመሰግንዎታለን። ያነበቡልን መምህርም ድምፅዎ ሳይንቀጠቀጥ ያን ክፍል ስለጨረሱልን ውለታዎን አንረሳም። «ሌተና ጄኔራል ከበደ ገብሬ» ሲባል ማንም ሳያዛቸው ሦስቱ የአባባ የዘመቻ ጓደኞች ከወንበራቸው ተነሡ። መቆም የሚያቅታቸው አባቶች ናቸው። ቀጥሎ ከኋላ ያለው ሰው ተነሣ፣ ከዚያ ቀባሪው በሙሉ። ከእናንተ መካከል ጄኔራሉን በስም የማያውቅ ብዙ ወጣት እንደነበረ እናውቃለን፤ ግን ቆማችሁ። ከ1967 ጀምሮ አባባ ሲጠብቁት የኖሩትን ልቅሶ እናንተ አደረሳችሁላቸው።

በሰልስቱ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሄደን በስድሳዎቹ መታሰቢያ ፊት ጧፍ አብርተናል። ሣጥኑም አሁን ሳሎን ውስጥ ክዳኑ ተከፍቶ ተቀምጧል፤ ማየት የሚፈልግ ሁሉ ይምጣ።

ሰላምታ ለመስጠት ከዘራዎን ለቀው የቆሙት አባት ደግሞ፣ ያለ ከዘራ በሰው ተደግፈው እንደሄዱ ያወቅነው ድንኳኑ ሲነሣ ነው። እኛ ጋ ነው ያለው፣ ከአባባ ከዘራ ጎን አቁመነዋል። ልናመጣልዎ ቤትዎን እያፈላለግን ነው፤ ቀድመው ከመጡ ግን ቡና አፍልተን እንጠብቅዎታለን።

ልጆቻቸውና መላው ቤተሰብ
ኮሪያ ሰፈር፣ አዲስ አበባ