ዓሣዎቹን የገደላቸው ብርዱ ብቻ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በምኖርባት በደብረ ብርሃን ከተማ፣ በሆቴል እንግዳ መቀበያም ሆነ በመኖሪያ ቤት ሳሎን፣ ሁለት ወይም ሦስት ትንንሽ ዓሣዎች ምንም ተክል በሌለበት የመስታወት ዕቃ ውስጥ ሲዋኙ አያለሁ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ስመለስ ደግሞ ዕቃው ባዶውን ይጠብቀኛል። ባለቤቶቹን ስጠይቅ መልሳቸው ዘወትር አንድ ነው፦ «ብርዱ ፈጃቸው።» የከተማችን ብርድ ስሙ የታወቀ በመሆኑ ይህን መልስ የሚጠራጠር ሰው እምብዛም የለም። እኔም አልጠራጠርም ነበር። ዛሬ ግን ብዙዎቹ የሚሞቱት ብርዱ ሳይደርስባቸው እንደሆነ ስለተረዳሁ፣ ምክንያቱን ለአንባቢያን ማስረዳት እወዳለሁ።

ኒዮን ቴትራ የተባሉትን የመጀመሪያዎቹን አራት ትንንሽ ዓሣዎቼን የገዛሁት አዲስ አበባ ነው። በፕላስቲክ ከረጢት አድርጌ፣ በጋቢዬ ጠቅልዬ፣ 130 ኪሎ ሜትሩን በሚኒባስ ይዣቸው መጣሁ፤ በዚያው ምሽትም ከቧንቧ በቀዳሁት ውሃ ውስጥ ለቀቅኋቸው። በሦስተኛው ቀን ወደ ውሃው ፊት ወጥተው አፋቸውን ይከፍቱና ይዘጉ ጀመር፤ በአምስተኛው ቀን የመጨረሻው ሞተ። ወሩ ግንቦት ነበር፤ ውርጭ አልነበረም፤ በገንዳው ውስጥም ማሞቂያ ነበር። ያን ጊዜ ነው ጥፋቱን ከብርዱ ሌላ ቦታ መፈለግ የጀመርሁት።

ዓሣ በስንጥቡ (በሚተነፍስበት አካሉ) እና በዓይነ ምድሩ የሚያስወግደው ቆሻሻ፣ ሳይበላ የቀረውም ምግብ፣ በውሃው ውስጥ አሞኒያ ይፈጥራል። አሞኒያ በጥቂቱም ቢሆን ስንጥብን ያቃጥላል። በወንዝ ውስጥ ውሃው ስለሚፈስ፣ በአሸዋውና በድንጋዩ ላይም ባክቴሪያዎች ስላሉ ችግር አይሆንም፤ አንዱ የባክቴሪያ ወገን አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ደግሞ መርዛማውን ናይትራይት እጅግ ያነሰ ጉዳት ወዳለው ናይትሬት ይለውጡታል። ዛሬ ታጥቦ ዛሬ በተሞላ መስታወት ውስጥ ግን እነዚህ ባክቴሪያዎች የሉም። በማጣሪያው ስፖንጅና በአሸዋው ላይ በበቂ መጠን እስኪበዙ ድረስ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል፤ ብርድ ሥራቸውን ስለሚያዘገይ በእኛ አገር ከዚያም ሊረዝም ይችላል። የእኔ ሁለተኛ ገንዳ ሁለት ወር ሊሞላው ሲል ነው የተስተካከለው። በዚያ ጊዜ ውስጥ በገንዳው ውስጥ አንድም ዓሣ አልነበረም፤ ለባክቴሪያዎቹ ቀለብ እንዲሆን በየሁለት ቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ እጨምር ነበር፤ ጎረቤቶቼም ለማን እንደምቀልብ ይጠይቁኝ ነበር።

ለማን እንደሆነ ካስረዳኋቸው ነገሮች አንዱ ተክሉ ነው። በውሃ ውስጥ የሚበቅል ተክል ለጌጥ ብቻ የሚገባ አይደለም፤ አሞኒያውን በቀጥታ እየመጠጠ ይመገበዋል፤ ቀን ቀን ኦክስጅን ይሰጣል፤ ለትንሽ ዓሣም መሸሸጊያ ይሆናል። ለደጋ ሰው የምመክረው ሴራቶፊለም የተባለውን ነው፤ ሥር የለውም፣ ቅርንጫፉ የጥድ ቅጠል ይመስላል፣ ቅዝቃዜንም ይችላል፤ በጣና ሐይቅም በተፈጥሮው ይበቅላል። ብርሃን በቀን ስምንት ሰዓት ያህል ይበቃዋል፤ ገንዳው ቀጥተኛ ፀሐይ ከሚያገኝበት መስኮት ሥር ከተቀመጠ አልጌ መስታወቱን ይወርሰዋል። አሸዋ ከወንዝ የሚያመጣ ሰው ደህና አድርጎ ከማጠቡ በላይ ጥቂት አቼቶ ያንጠባጥብበት፤ አረፋ ካወጣ ኖራ አለበትና ለእነዚህ ዓሣዎች አይሆንም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነኝ ግን ዓሣዎቹ በሁለትና በሦስት መሸጣቸው ነው። ኒዮን ቴትራም ሆነ ዜብራ ዳንዮ በመንጋ የሚኖሩ ፍጥረታት ናቸው። እያንዳንዱ ዓሣ በዓይኑና በጎኑ ላይ በተዘረጋው፣ የውሃን እንቅስቃሴ በሚሰማው የጎን መስመር አማካይነት የጓደኞቹን አካሄድ ይከታተላል፤ ጠላት ሲመጣም ከብዙዎቹ መካከል አንዱን ለይቶ መያዝ ስለሚቸግረው መንጋው ራሱ ጋሻ ነው። ይህን ጋሻ ያጣ ኒዮን ቀለሙ ይደበዝዛል፣ ጥግ ይዞ ይቆማል፣ ምግብም ይተዋል። ዜብራ ዳንዮ ደግሞ ሁለት ብቻ ሲሆን ጠንካራው ደካማውን ቀኑን ሙሉ ያሳድደዋል፤ አሥር ሲሆኑ ግን ቁጣው ተከፋፍሎ ይበርዳል። ስድስት ዝቅተኛው ቁጥር ነው፤ አሥርና ከዚያ በላይ ቢሆን ይመረጣል። እኔ ዛሬ 80 ሊትር በሚይዝ ገንዳ 15 ዜብራ ዳንዮ አለኝ፤ ማለዳ መብራቱ ሲበራ ከተክሉ መካከል አንድ ላይ ሲወጡ ማየት የቀኔ ጥሩ ጅማሬ ነው።

ብርዱን በተመለከተ፣ ዋናው ነገር ከቦታው ጋር የሚስማማ ዓሣ መምረጥ ነው። ኒዮን ቴትራ የአማዞን ተፋሰስ ተወላጅ ስለሆነ ከ22 እስከ 26 ዲግሪ ሴልሺየስ ይስማማዋል፤ በእኔ ሳሎን ግን የታኅሣሥ ማለዳ 13 ዲግሪ ነው። ከደቡብ እስያ ጅረቶች የመጣው ዜብራ ዳንዮ በ20 ዲግሪ ደስተኛ ነው፤ በቻይና ጓንግዶንግ፣ ስሙ «ነጭ ደመና» ማለት በሆነ ተራራ የተገኘው ትንሽ ዓሣ ደግሞ ከዚያም ቀዝቀዝ ያለውን ውሃ ይወዳል። ከጣርማበር ወዲያ ወርደው ሸዋ ሮቢት የሚኖሩ ወገኖቼ ኒዮንን ያለ ማሞቂያ ሊያኖሩ ይችሉ ይሆናል። 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ያለን እኛ ግን ሌላም ነገር ማሰብ አለብን፦ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ገደማ ስለሆነ በውሃው የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል፤ ውሃው ሲሞቅ ደግሞ ይብስበታል። ስለዚህ የአየር ፓምፕ ለደጋ ገንዳ ቅንጦት አይደለም። መብራት ሲጠፋ ትልቅ ገንዳ ከትንሹ ቀስ ብሎ ይቀዘቅዛል፤ እኔ ጎኖቹን በብርድ ልብስ እሸፍናለሁ፤ መብራቱ እስኪመለስም ምግብ አልሰጥም።

ዓሣ ማኖር የሰለቸው ሰው ዓሣውንም ሆነ ተክሉን በረሳ ወንዝ እንዳይለቅ አደራ እላለሁ። በረሳ ወደ ጀማ፣ ጀማም ወደ ዓባይ ይገባል። እምቦጭም የመጣው ከዚያው ከአማዞን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በጣና ላይ ከታየ ወዲህ ያደረሰውን ሁላችንም አይተናል።

ለጌጠኛ ዓሣ ነጋዴዎች ያለኝ ልመና አንድ ነው። ገዢው በመጀመሪያ ገንዳውን፣ ማጣሪያውንና ተክሉን ይዞ ይሂድ፤ ስድስት ሳምንት ቆይቶ የውሃውን ናሙና ይዞ ይመለስ፤ አሞኒያም ናይትራይትም ዜሮ መሆኑ በመመርመሪያው ከታየ በኋላ፣ ያን ጊዜ አሥር ዓሣ አንድ ላይ ይሸጥለት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የሥነ ሕይወት መምህር
ደብረ ብርሃን፣ ሰሜን ሸዋ