ለአባባ ተስፋዬ ልጆች፦ የአዳራሻችንን ጣራ ለመመለስ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ለእድራችን አባላት፣ ከሰፈሩ ወጥታችሁ በሌላ ከተማና በውጭ አገር ለምትኖሩ ልጆቻችን፣ በአባባ ተስፋዬ ተረት ላደጋችሁ ሁሉ፤ እንደምን ከረማችሁ?

በነሐሴው በረዶ የልጆች አዳራሻችን ጣራ እንደወደቀ ሰምታችኋል። ብዙዎቻችሁ ፎቶውንም አይታችኋል። የወደቀው ሌሊት ነው፤ ውስጥ ሰው አልነበረም። ተመስገን ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ቢሆን ኖሮ ልጆቹ እዚያው መድረኩ ላይ ልምምድ ላይ ነበሩ።

ከዚያ ወዲህ በየስብሰባው፣ በየለቅሶ ቤቱ ሳይቀር ስንለምን ቆይተናል። መስከረም ላይ ጥሩ ገባ። ከመስቀል በኋላ ግን ቀዘቀዘ። ባለፈው ወር የገባው የጥበቃውን ደመወዝ እንኳ አልሸፈነም። ኑሮው እንደከበደ እናውቃለን። እኛም የምንገዛው ከዚያው ገበያ ነው። ደክሞናል፣ አንዋሻችሁም። ነገር ግን በልግ ሳይገባ ይሄ ጣራ መመለስ አለበት። ክረምቱን ግድግዳው እንደ ምንም አልፎታል። ሌላ ዝናብ ከደገመው ግን የሠራነው ሁሉ ከላይ ወደ ታች ይበሰብሳል።

የክፍያውን ነገር ከወዲሁ እንንገራችሁ፤ እስከ መጨረሻው የማያነብ ይኖራልና። ገንዘቡ የሚገባው በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በእድሩ ስም ባለው ሒሳብ ነው። ቁጥሩ የእድር ደብተራችሁ ጀርባ ላይ የታተመው ነው። ምክንያት በሚለው ቦታ «ለጣራ» ብላችሁ ስማችሁን ጻፉ። ሌላ ሒሳብ የለንም።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። ከወጣቶቹ መካከል አዳራሹ ለምን በአባባ ተስፋዬ መታሰቢያነት እንደተሠራ የሚጠይቁ አሉ። አይፈረድባቸውም፤ የልጆቹ ፕሮግራም ሲቋረጥ ገና አልተወለዱም ነበር። ስለዚህ ትንሽ እንንገራቸው። ትልልቆቹም ታገሱን።

ተስፋዬ ሣህሉ በ1915 ዓ.ም. ባሌ ውስጥ ተወለዱ። ጣሊያን አገሩን ሲወር ገና ልጅ ነበሩ። በኋላ አዲስ አበባ በማዘጋጃ ቤቱ የቴአትር ክፍል መድረክ ላይ ወጡ። በዚያ ዘመን ሴት መድረክ ላይ አትወጣም። ስለዚህ የሴቶቹን ቦታ የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ፤ ከእነሱም አንዱ አባባ ተስፋዬ ነበሩ። የሴት ልብስ ለብሰው፣ ድምፃቸውን ቀይረው፣ አረማመዳቸውን አስተካክለው ሴት ሆነው ይተውኑ ነበር። ይሄን ስንናገር ልጆቹ ይስቃሉ። እኛ ግን ትልቅ ሙያ ነው እንላለን። ተመልካቹ አንዴ ከሳቀብህ በኋላ መልሰህ እንዲያምንህ ማድረግ ቀላል አይደለም። ማንም ቁጭ ብሎ ከመጽሐፍ አይማረውም። ሰው ፊት ቆሞ፣ ያልተሳቀለትን ቀልድ ውጦ፣ በማግስቱ እንደገና በመሞከር ነው የሚመጣው።

ከዚያ ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮርያ ሄዱ። እዚያ የነበረው ሥራቸው ሠራዊቱን ማዝናናት ነበር። ከአገሩ ርቆ፣ ጓደኛው ከጎኑ የወደቀበትን ወታደር ማሳቅ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። በ1948 ዓ.ም. የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሲከፈት ደግሞ ዋና የሥራ ቦታቸው እሱ ሆነ። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ነው። ሳቁንም ለቅሶውንም ተጫወቱ። ዘፈኑ አለ፣ ምትሃቱ አለ። ብዙ ሰው የሚያውቃቸው ተረት ነጋሪ አድርጎ ብቻ ነው። እሳቸው ግን ከተረቱ በፊት ተዋናይ ነበሩ። ተረታቸው እንደዚያ የጣመውም ለዚህ ይመስለናል። ጅቡ ሲመጣ ድምፁ ጅብ ነው፤ ጦጣዋ ስትመጣ ዓይኑም እጁም ጦጣ ነው። ያ ሁሉ ከመድረክ የመጣ ነው።

አገራችን ውስጥ ቴሌቪዥን የተጀመረው በ1957 ዓ.ም. ነው። አባባ ተስፋዬም የልጆቹን ፕሮግራም ይዘው ለ42 ዓመታት ያህል ቆዩ። መንግሥት ተቀየረ፣ እንደገና ተቀየረ፤ እሳቸው «የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች» እያሉ ልጆችን ሰላም ማለታቸውን አላቆሙም። በሰፈራችን ቴሌቪዥን ያለው ቤት በጣት የሚቆጠር ነበር። ጫማችንን በር ላይ አውልቀን፣ ምንጣፍ ላይ ተደርድረን እናያለን። ሰላም ሲሉን እኛም ከዚህ ማዶ ጮክ ብለን እንመልሳለን። ዛሬ ኮሚቴው ውስጥ ያለነው አብዛኞቻችን ከዚያ ምንጣፍ ላይ የተነሳን ነን። እናንተም እንደዚያው።

ልብ እንድትሉልን የምንፈልገው አንድ ነገር አለ። አባባ ተስፋዬ ስቱዲዮ ውስጥ ብቻቸውን አልተቀመጡም። ልጆችን እያስመጡ ከጎናቸው ያስቀምጡ ነበር። ልጁም በተራው ተረት ይናገራል፣ ይዘፍናል፣ እንቆቅልሽ ይጠይቃል። ያን ያህል ሙያ ያለው ሰው መድረኩን ለልጅ ሲለቅ ትልቅ ነገር ነው። እኛም ከእሳቸው የወሰድነው ይሄንን ነው። ሐምሌ 24 ቀን 2009 ዓ.ም. በ94 ዓመታቸው ሲያርፉ የእድራችን ሰው ሐውልት እንሥራ አላለም። ልጅ የሚቆምበት መድረክ ይሠራ ነው የተባለው። የአዳራሹ ሐሳብ ከዚያ ነው የመጣው።

የተሠራውን አትርሱብን። እድሩ ዕቃ የሚያስቀምጥበትን አሮጌ ቤት ሲሰጠን ወለሉ አፈር ነበር። ዛሬ መሠረቱ ድንጋይ ነው። ሁለቱ ግድግዳዎች በብሎኬት ተሠርተዋል፣ የቀሩት ተለስነዋል። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። መድረክ አለው፣ መጋረጃ አለው፣ አግዳሚ አለው። የልጆች መጻሕፍት መደርደሪያ አለው፤ አባባ ተስፋዬ ራሳቸው ያሳተሟቸው የተረት መጻሕፍትም አሉበት። ቅዳሜ ቅዳሜ ልጆቹ ተረት ያዘጋጃሉ፣ አጫጭር ኮሜዲ ይሠራሉ፣ ለወላጆቻቸው ያሳያሉ። አንገቱን ደፍቶ የገባ ልጅ ሰው ፊት ቆሞ ሲያስቅ አይተናል። እናቱ ከኋላ ቆማ እንባዋን ስትጠርግም አይተናል። ይሄ ሁሉ በእናንተ ገንዘብ ነው የሆነው።

ገንዘቡ የት ገባ የሚለውን ጥያቄም ሰምተናል። በግልጽ እንመልስ። ከኮሚቴው አባላት አበል የወሰደ የለም። የስብሰባውን ሻይ እንኳ ከኪሳችን ነው የምንከፍለው። ለጥበቃ ለምን ደመወዝ ይከፈላል ለምትሉ፣ ጥበቃ ከመቀጠሩ በፊት የመስኮቱ ብረት በሌሊት ተነቅሎ ተወስዷል። ድምፅ ማጉያው ቅንጦት ነው የሚሉ አሉ። እሱ ባይኖር ከኋላ የተቀመጡት እናቶች ምንም አይሰሙም ነበር። በስተቀኝ ግድግዳ ላይ ያለው የአባባ ተስፋዬ ሥዕል ብዙ ወጪ ወጥቶበታል ተብሎም ተወርቷል። ሥዕሉን የሠራው የሰፈራችን ልጅ ነው፤ በነፃ ነው የሠራው። እኛ የገዛነው ቀለሙን ብቻ ነው። ያ ግድግዳ ዛሬም ቆሟል። ሥዕሉን በላስቲክ ሸፍነነዋል።

ጣራው ለምን ቀድሞ አልተሠራም ለሚለውም መልስ አለን። ባለሙያ አማክረናል። መሠረቱና ግድግዳው ሳይጠነክር ከባድ ጣራ መጫን አይቻልም አለን። ትክክል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ከታች ጀመርን፤ ጣራው ሁለተኛው ዙር ላይ እንዲሠራ ተወሰነ። ውሳኔውን ጠቅላላ ጉባኤው አጽድቆታል፤ ቃለ ጉባኤው አለ። ሁለተኛው ዙር የተጓተተው ብረት በየወሩ ስለጨመረና ትልቅ ድጋፍ ቃል የገባልን አንድ ድርጅት ስለቀረብን ነው። እኛም ጠብቀን ጠብቀን ነው ተስፋ የቆረጥነው። በዚህ መሃል የድሮውን የባሕር ዛፍ ማገር ምስጥ በልቶታል። በረዶው አሸንዳው ላይ ተከምሮ ውኃውን ያዘው። ክብደቱን አልቻለም፣ ወረደ።

አሁን ልጆቹ የሚሰበሰቡት በእድሩ ድንኳን ሥር ነው። ታዲያ ሰፈሩ ውስጥ ለቅሶ ሲኖር ድንኳኑ ወደ ሐዘንተኛው ቤት ይሄዳል። እንደዚያም መሆን አለበት፤ ድንኳኑ የተገዛው ለዚህ ነው። ልጆቹ ግን በዚያ ሳምንት ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ። መጻሕፍቱን ከእድሩ ብረት ድስትና ሳህን ጋር መጋዘን ውስጥ አስቀምጠናቸዋል። አንዳንዶቹ ርሰው ነበር፤ ፀሐይ ላይ አድርቀን አንድ በአንድ ለያይተናቸዋል። ከትልልቆቹ ልጆች ጥቂቶቹ መምጣት አቁመዋል። ከሁሉም በላይ ያሳሰበን ይሄ ነው። ቆርቆሮ ዘግይቶም ይገዛል። 14 ዓመት የሞላው ልጅ ግን አንዴ ከራቀ መልሶ ማምጣት ይከብዳል።

የሚያስፈልገን ይሄ ነው። የአሁኑ ጣራ በእንጨት አይሠራም፤ ምስጥ የማይነካው ቱቦላሬ ብረት ነው የሚገባው። ብረቱ ከግማሽ በላይ ተገዝቶ ግቢው ውስጥ ተቀምጧል። መጥታችሁ ማየት ትችላላችሁ። ቆርቆሮው በባለሙያው ልክ 80 ነው፤ 26 ተገዝቷል። የቀረው 54 ነው። ከዚያ አሸንዳው፣ ሚስማሩ፣ የብየዳው እጅ ዋጋ አለ። ጉልበቱን በደቦ እንችለዋለን። ወጣቶቹ ስማቸውን አስመዝግበዋል። በብየዳ የሚተዳደሩ ሁለት የሰፈራችን ልጆችም በግማሽ ዋጋ እንሠራለን ብለዋል፤ እግዜር ይስጣቸው። አንድ ቤተሰብ አንድ ቆርቆሮ ቢችል እንጨርሳለን። አንድ ሙሉ ያልቻለ ለሁለት ለሦስት ሆኖ አንዱን ይግዛ። ዋጋው በየሳምንቱ ስለሚቀያየር እዚህ አንጽፍም። ገንዘብ ያዣችንን ጠይቁ፣ የዕለቱን ዋጋ ይነግራችኋል።

እድራችን ውስጥ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አለ። ለሁላችንም የሚሆን ነገር ነው። ለድሃ የሚሰጥ ለእግዚአብሔር ያበድራል ተብሎ ተጽፏል። ሰጪው ካለፈ በኋላ እንኳ ምንዳው የማይቋረጥ ሰደቃ እንዳለም ወንድሞቻችን ያውቃሉ። ልጅ የሚማርበት ቤት ከዚህ ውጭ አይሆንም። ሃይማኖቱን ለጊዜው ብንተወው እንኳ ዕዳ አለብን። እነዚያ ተረቶች ሲነገሩን ማንም አላስከፈለንም። እኛን «ልጆች» ያለን ሰው የራሱን ዕድሜ ሰጥቶናል። አሁን ደመወዝተኞች፣ ነጋዴዎች፣ የልጆች ወላጆች ሆነናል። ተራው የእኛ ነው።

ውጭ አገር ላላችሁ ልጆቻችን ደግሞ አንድ ነገር አደራ። በየግላችሁ ለምታውቁት ሰው አትላኩ፤ ሰውየው ታማኝ ቢሆንም ሒሳቡን ለመመዝገብ እየተቸገርን ነው። ወላጆቻችሁ የእድር ደብተሩን ጀርባ ፎቶ አንስተው ይላኩላችሁ። በሕጋዊ መንገድ፣ በባንክ በኩል፣ በዚያው ቁጥር አስገቡ። ስማችሁ ካልተጻፈ ግን ደረሰኝ ልንቆርጥላችሁ አንችልም። መስከረም ላይ ስም የሌለው ገንዘብ ገብቶ እስከ ዛሬ የላከውን ሰው ማመስገን አልቻልንም። ይሄን የምታነብ ከሆነ እባክህ ራስህን አሳውቀን።

በድጋሚ፦ ሒሳቡ የንግድ ባንኩ ነው፤ በእድሩ ስም ያለው፣ ደብተሩ ጀርባ ላይ የታተመው ቁጥር። ምክንያቱ «ለጣራ»። አልቀየርነውም፣ አዲስም አልከፈትንም። በስልክ ደውሎ ሌላ ቁጥር የሚሰጣችሁ ሰው ቢኖር ከእኛ አይደለም፤ ወዲያው ንገሩን። ገንዘብ ከሒሳቡ የሚወጣው ሰብሳቢው፣ ገንዘብ ያዡና ጸሐፊው ሦስቱም ሲፈርሙ ብቻ ነው። በእጅ መስጠት የምትፈልጉ እናቶችና አባቶች እሁድ ከወርኃዊ መዋጮው ጋር ለገንዘብ ያዣችን ስጡ። ማኅተም ያለበት ደረሰኝ ሳትቀበሉ ግን አትሂዱ። ፋይሉም እዚያው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። የእድሩ ኦዲተር ያየው ነው፤ ማንም ገልጦ ማየት ይችላል።

የጥር መጨረሻ ላይ ብየዳው እንዲጀመር ቀጠሮ ይዘናል። እስከዚያ የቀረው ቆርቆሮ መሟላት አለበት። የገባውን በየእሁዱ ስብሰባ ላይ እናነባለን፤ የሰጪውንም ስም አብረን እናነባለን። ስሜ አይነበብ የምትሉ «ለጣራ» ከሚለው ቀጥሎ «አይነበብ» ብላችሁ ጻፉ።

የአዳራሹ ኮሚቴ